ሞተሩ ላይ የተቀመጥኩ ቀን

ልጅ ሳለሁ ምሽት ማለት ለእኔ የበቆሎ ጥብስ ሽታ ነበር። ሀዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን፣ ጎረቤታችን ጋሽ ዱካሞ ከሥራ ሲመለሱ የከሰል ማንደጃቸውን በራቸው ላይ አውጥተው እሸት ይጠብሱ ነበር። መብራት የጠፋ እንደሆነ አንዲት ኩራዝ ድንጋይ ላይ ያስቀምጣሉ። እኛ የሰፈሩ ልጆች ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን ማንደጃውን እንከባለን። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፍሙን ሲያቀላው የጋሽ ዱካሞ ፊት ብቅ ይላል፣ ነፋሱ ሲተወው ይጠፋል፤ እሳቸው ግን ፊታቸው ታየም አልታየም ማውራታቸውን አያቆሙም።

የሚያወሩልን ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ አልነበረም፤ ስለ ኳስ ነበር። ጋሽ ዱካሞ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። የከተማችን ቡድን ሌላ ከተማ ሄዶ በተጫወተ ቁጥር ደጋፊውን ጭነው የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ፤ ስለዚህ ያኔ በእኛ ዘንድ ከእሳቸው በላይ ዓለምን የዞረ ሰው አልነበረም። በዝናብ ጭቃ የሆነውን የጅማውን ጨዋታና በሙቀት ደጋፊ እየወደቀ ውሃ የተደፋበትን የድሬዳዋውን ጨዋታ ሁለቱንም በቃሌ እይዛቸው ነበር።

«ስታዲየሙ ጸጥ አለ» ይሉና በቆሎውን ያገላብጣሉ። «ኮሽታ የለም። ከዚያ፣ ጧ! ብረቱ ነው፣ የጎሉ ቋሚ። ከዚያ የዚያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሽ፣ ኡፍፍ! እንደ ጎማ ሲተነፍስ።»

እኔ በጣም ዓይን አፋር ልጅ ነበርኩ። መምህሯ ስሜን ስትጠራ እንኳ «አቤት» የምለው ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሼ ነበር። አንድ ምሽት ግን እንደምንም ራሴን አደፋፍሬ፣ «ጋሽ ዱካሞ፣ የበረኛቸው ማልያ ምን ዓይነት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። ጨዋታውን በዓይነ ሕሊናዬ ስስለው በረኛው ሁልጊዜ ቀለም እያጣብኝ ተቸግሬ ነበር።

ጋሽ ዱካሞ ፍሙን ቆሰቆሱ። «ማልያ... ማልያማ ያው ማልያ ነው። በይ በቆሎሽ አረረ።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ያልሆነ ነገር የጠየቅሁ መስሎኝ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅሁም።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት ቡድናችን በጥሎ ማለፉ ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ ጨዋታው አዳማ ላይ ሆነ። አክስቴ ሰናይት ይዛኝ ልትሄድ እናቴን ለመነች። አክስቴ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በስታዲየም ደጋፊውን ታስጨፍራለች፤ የመዘምራኑ ኃላፊ በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ተቆጥተዋታል።

«ነገ በምን ድምፅሽ ልትዘምሪ ነው?» አለቻት እናቴ።

«ጌታ ልቤን ያያል» አለች አክስቴ፣ ሻርፗን አንገቷ ላይ እየጠመጠመች።

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ከደስታዬ የተነሳ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ሳትኩት። በልቤ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጋሽ ዱካሞ ጎን ተቀምጬ፣ እሳቸው የሚያዩትን አብሬያቸው ማየት። ለሰፈሩ ልጆችም ነግሬያቸው ነበር። «እሳቸው አጠገብ ነው የምቀመጠው» ብዬ።

አውቶቡሱ ገና ከከተማው ሳይወጣ ዘፈን በዘፈን ሆነ። ከበሮ መቺው አቤል መንገዱ ላይ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር አንድ ምት ይስታል፣ ሁሉም «ከበሮው ይፈተሽ!» ብሎ ይጮህበታል። ሻሸመኔ ላይ ትራፊክ ሲያስቆመን መንገድ ዳር የነበሩ ጎረምሶች ሻርፓችንን አይተው፣ «ተሸንፋችሁ ስትመለሱ ድንች ግዙን!» አሉን። አክስቴ ግማሽ አካሏን በመስኮት አውጥታ፣ «ዋንጫውን የምንጭንበት አጥተናል፣ ለድንች የት ቦታ አለን!» ብላ መለሰችላቸው፤ እነሱም ራሳቸው ሳቁ። ዝዋይ ጋ የቲማቲም ሣጥን የተደረደረበትን መንገድ አልፈን፣ መቂን አልፈን፣ ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን አዳማ ስንገባ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን።

ሁሉም እየዘለለ ወረደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጋሽ ዱካሞን ጠበቅኋቸው። እሳቸው አውቶቡሱን አዙረው አፍንጫውን ወደ መውጫው አደረጉ፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጉ፣ ተመልሰው መሪያቸው ላይ ተቀመጡና ከከረጢት የተቀቀለ በቆሎ አወጡ።

«አይገቡም?» አልኩ።

«የት?»

«ስታዲየም።»

«እኔ?» ብለው ሳቁ። «እኔማ እዚሁ ነኝ። ስልሳ ሰው ጭኜ መጥቼ፣ መኪናውን ትቼ ገብቼ አንድ መስታወት ቢረግፍ በብርድ ልመልሳችሁ ነው? ሂጂ የኔ ልጅ፣ አክስትሽ ትጠብቅሻለች።»

«ጅማስ?»

«ጅማም እዚሁ ነበርኩ።»

«ድሬዳዋስ?»

የተቀመጡበትን ወንበር መታ መታ አደረጉ። «ይቺው ላይ።»

ወደ መግቢያው ሰልፍ ሮጬ አክስቴ ጋ ደረስኩ። ያኔ ውሸት ማለት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበርና ለአክስቴ፣ «ጋሽ ዱካሞ ዋሽተውናል። አንድም ጨዋታ አላዩም» አልኳት።

«አየሁ ብለውሽ ያውቃሉ?»

አሰብኩ። ጅማን አሰብኩ፣ ድሬዳዋን አሰብኩ። ጧ ያለው ብረት፣ የሕዝቡ ትንፋሽ፣ ጸጥታው። ሁሉም ድምፅ ነበር። አንድም ጊዜ «አየሁ» አላሉም።

አክስቴ እየሳቀች አስረዳችኝ። ስንመለስ አንድ ሰው ከሹፌሩ ጎን፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ጨዋታውን ከፊሽካ እስከ ፊሽካ ይነግራቸዋል። ድሮ ሁሉም በአንድ ላይ ይነግሯቸው ነበር፤ አንድ ጊዜ ግን ከአዳማ ሲመለሱ ስልሳ ሰው ስለ አንድ ጎል ሲከራከር ጋሽ ዱካሞም አብረው ሲከራከሩ፣ ሞጆ ላይ መታጠፍ ሲገባቸው ቀጥ ብለው ሄደው ቢሾፍቱ ደርሰው ነው የነቁት። ከዚያ ወዲህ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ እሱም ዝም ይላል።

«ስንት ዓመት እኔ ነኝ የምነግራቸው» አለች። «እናንተ ማታ ማታ የምትሰሙት የእኔን ወሬ ነው። እሳቸው ጨው ጨምረውበት።»

ገባን። ስለ ጨዋታው ስጽፍ ዛሬም እጄ ይፈጥናል። ሣሩ እንዲያ አረንጓዴ፣ ሰዉ እንዲያ ብዙ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የእኛ ደጋፊ አንዲት ጥግ ይዞ እንደ ሺህ ሰው ይጮሃል። መጀመሪያ እነሱ አገቡብን፤ ስታዲየሙ ሲነሳ የተቀመጥኩበት ሲሚንቶ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። ልንሸነፍ አምስት ደቂቃ ሲቀረን አጭሩ አጥቂያችን በሁለት ተከላካይ መሀል ሾልኮ በግራ እግሩ መታትና ኳሷ መረቡን ወጠረችው። አክስቴ እንዲህ ያለ ጩኸት ጮኸች፤ ከዚያ በኋላ አፏ ይከፈታል እንጂ ድምፅ አይወጣም። ድምፅዋ እዚያው አለቀ።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አልቆ በፍጹም ቅጣት ምት ሆነ። ሁለቱም አምስት አምስት ይመታሉ። እኛ አራት አገባን፣ እነሱ ሦስት። የእነሱ የመጨረሻው መቺ ከሳተ እኛ ለፍጻሜ አለፍን። ሰውየው ኳሷን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሲራመድ ማየት አልቻልኩም፣ ሻርፑን ዓይኔ ላይ ጠመጠምኩት።

ሻርፑን ሳወርደው በረኛችን መሬት ላይ ነበር፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ ላዩ ላይ። አልፈናል!

ወደ አውቶቡሱ የሮጥነው ሩጫ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም። አክስቴ ግን ደረጃው ላይ ክንዴን ይዛ ብርድ ልብስ ወደተነጠፈበት ሞተር አመለከተችኝ። ከዚያ ራሷን አመለከተች፣ ጉሮሮዋን አመለከተች፣ እጇን አወናጨፈች።

«እኔ አልችልም!» አልኳት።

ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ እንደምንም አንሾካሾከች፤ «ይቺ ልጅ አትናገርም እንጂ ምንም አያመልጣትም ብያቸዋለሁ። ዛሬ ካልተነገራቸው ነገ ማታ ወሬ የለም። በቆሏችሁን ዝም ብላችሁ ትበላላችሁ።»

«እኔ ልንገራቸው!» አለ አቤል ከኋላ።

«አንተማ ቢሾፍቱ ታደርሰናለህ!» አለ አውቶቡሱ በሙሉ።

ሞተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከሥሬ ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጠው እሱ ይሁን እኔ አላውቅም። ፀሐይ ልትጠልቅ ደርሳ የፊት መስታወቱ እንደ ፍም ቀልቶ ነበር። የጋሽ ዱካሞም ፊት እንደዚያው። አንድ ነገር አልኩ፤ ለራሴም አልተሰማኝም።

«የኔ ልጅ» አሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ «ከሞተሩ በላይ ተናገሪ።»

ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ። ከዚያ የማውቀውን ጀመርኩ። «የበረኛቸው ማልያ ብርቱካናማ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ክርኑ ላይ ሣር የቀባው አረንጓዴ አለው።»

ጋሽ ዱካሞ አንዴ ዘወር ብለው አዩኝ። «ብርቱካናማ?» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን ነግሮኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እሺ፣ ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። የገባብንን ጎል ስነግራቸው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አጭሩ አጥቂ ሲሾልክ መሪውን በመዳፋቸው መቱ። ከኋላ አንዱ ሊያርመኝ ሲል ሌላው «ዝም በል፣ ትናገር!» ይለዋል። ሞጆ መታጠፊያው ላይ ሁላችንም ዝም አልን፤ ስንታጠፍ አጨበጨቡ። እንዲህ እያልኩ የመጨረሻው ምት ላይ ደረስኩ። እዚያ ቆምኩ።

«እሺ?» አሉ።

በረኛው በግራ ወደቀ ብል፣ በቀኝ ወደቀ ብል ማን ይከሰኛል? ግን ብርቱካናማውን ማልያ እንዴት እንደተቀበሉኝ አይቻለሁና አፌ እንቢ አለኝ። «አላየሁም» አልኩ። «ዓይኔን ሸፍኜ ነበር።»

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። አቤል «እኔ አይቻለሁ! እሱ ኮ...» ሲል ጋሽ ዱካሞ በመስታወቱ ገላመጡት። «አንተን ማን ጠየቀህ?» ከዚያ ወደ እኔ፣ «ምን ሰማሽ?»

«ፊሽካ። ከዚያ ዝም። ከዚያ፣ ዷ።»

«ጓንት ነው እሱ! ብረት ቢሆን ይጮሃል፤ ጓንት ያፍነዋል። ከዚያስ?»

«ማንም አልጮኸም።»

«እንዴት ይጮሃሉ!» አሉ እየተነሱ እየተቀመጡ። «ባለሜዳው ካገባ ስታዲየሙ ይፈርሳል። እነሱ ዝም ካሉ እኛ አልፈናል ማለት ነው። እኔ ከዚያች ዝምታ ነው ያወቅሁት። ከዚያስ ምን ሰማሽ?»

ትዝ አለኝ። «ከእኛ ሰዎች ጩኸት በፊት... ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ሰምቻለሁ።»

ጋሽ ዱካሞ እጃቸውን መሪው መሀል ላይ ጫኑትና ያንኑ ጥሩንባ በመቂ ሜዳ ላይ ለቀቁት፤ ስልሳ ሰው አብሯቸው ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ፣ ከሞተሩም ከጥሩንባውም በላይ።

በማግስቱ አክስቴ መዘምራኑ መሀል ቆማ ከንፈሯን ብቻ ስታንቀሳቅስ ዋለች። ማታ ማንደጃው ወጣ። ጋሽ ዱካሞ አዳማን ጀመሩ፤ ብርቱካናማው ማልያ፣ አጭሩ አጥቂ፣ ሁሉም አለ፤ ጨውም ተጨምሮበታል። የመጨረሻው ምት ላይ ሲደርሱ ግን አቆሙና ትኩስ በቆሎ ለእኔ አቀበሉኝ። «እዚህ ላይ ሁለት ሆነን ነው የምናወራው» አሉ። ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ነፋሱ ፍሙን አቀላው፤ ብቅ ያለው ፊት የእኔ ነበር። ፈራሁ፣ ግን ተናገርኩ።

አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ክፍል ውስጥ እጄን ሳወጣ ዛሬም ልቤ ይመታል። ይህን የመጀመሪያ ጽሑፌን ስጀምርም ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ። ያኔ ጋሽ ዱካሞ ዋሽተውናል ብላ የተናደደችውን ልጅ አልረሳኋትም፤ ሰው የሰማውን በታማኝነት ቢይዝ ካየው በላይ ሊያሳይ እንደሚችል ግን አታውቅም ነበር። እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ አውቶቡሱን ሌላ ሰው ይነዳዋል። እኔ ግን ከሜዳ ውጭ ካለ ጨዋታ ስመለስ ወደ ቤቴ ከመግባቴ በፊት በራቸው ላይ አንኳኳለሁ። ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሱኝ፣ «በረኛቸው ምን ለብሶ ነበር?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ዓይኔን የሸፈንኩበት ቦታ ላይ ስደርስም ሸፍኜ ነበር እላለሁ፤ ያኔ ወንበራቸውን ወደ እኔ ያስጠጋሉ።