የማይቆጠረው እንሰት

ሸዋነሽ ሙሉካ ከዲላ በላይ ደጋው ላይ ያለችው የቡሌ ልጅ ናት፤ ዲላ ከተማ አራተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምር ነበር። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ፤ አንድ ግቢ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ከሒሳብ ጋር ዓይንና ናጫ ስለሆንኩ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሻንጣዋን ሸክፋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ለመምህራን የሚሰጠውን ትምህርት ልትማር ስትሄድ፣ “ዕረፍት የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም?” እያልኩ አሾፍባት ነበር።

በ1963 ክረምት የወሰደችው ትምህርት ተግባራዊ ሊኒየር አልጀብራ ይባላል። ስሙን ስሰማ የከብት መድኃኒት መስሎኝ ነበር። ለካ ቁጥሮችን በረድፍና በዓምድ ደርድሮ ማትሪክስ የሚሉትን ሠንጠረዥ መሥራት ኖሯል። የዘንድሮውን በሠንጠረዡ ሲያበዙት የከርሞውን ይነግራል፤ እንደገና ሲያበዙት ከዚያ ወዲያ ያለውን።

መምህሩ ታዲያ ተማሪዎቹን ሲያሰናብት፣ “ከየአገራችሁ በየዓመቱ የሚለዋወጥ አንድ ነገር መርጣችሁ በማትሪክስ ሥሩና እስከ ገና በፖስታ ላኩ” አላቸው። ያልላከ ወደቀ። ለሸዋነሽ መውደቅ ማለት ስንት ክረምት የለፋችበት ዲግሪ ቀረ ማለት ነው።

የመረጠችው የአባቷን እንሰት ነው። እንሰት አንዴ ተክለውት የሚረሱት ነገር አይደለም። ችግኙ ከመደብ ወደ መደብ እየተዛወረ፣ ቦታ እየሰፋለት፣ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው ለቆጮ የሚደርሰው። እሷም በየመደቡ ያለውን ቆጥራ ከዚያ ቁጥር ልትነሳ አሰበች። አባቷ አቶ ሙሉካ ግን አሻፈረኝ አሉ። “የቆመ እንሰት አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ያንሳል” ብለው ከጓሮ መለሷት።

በጣም ተናደድኩ። “እሳቸው እሑድ ጸሎት ቤት ሲሄዱ ገብተሽ አትቆጥሪም?” አልኳት።

“አባቴን ሰርቄ ዲግሪ ልያዝ?” አለችኝ።

ስትቆዝም ሰነበተችና አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እየሳቀች መጣች። ለካ ቁጥሩ አያስፈልጋትም። ከአሥር ችግኝ ስንቱ ወደሚቀጥለው መደብ እንደሚያልፍ ካወቀች ይበቃታል። ከፈለገችው ቁጥር ብትነሳም፣ ሠንጠረዡን ደጋግማ ስታበዛው፣ እንሰቱ በየዓመቱ የሚጨምርበት ወይም የሚቀንስበት መጠን መጨረሻ ላይ ይረጋል። ይህንን አቶ ሙሉካን ስትጠይቃቸው ደስ እያላቸው መለሱላት፤ ይህን ያህሉ ይበሰብሳል፣ ይህን ያህሉን ጃርት ይበላዋል፣ ይህን ያህሉ ሳይዛወር እዚያው ይቀጭጫል አሏት።

ግቢያችን ውስጥ ጠረጴዛ አውጥታ ሠራችው። ሠርታ አየችውና ፊቷ ጠቆረ። እንደገና ሠራችው፤ ያው ነው። እንሰቱ እያለቀ ነበር። ችግሩ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከሁለተኛው መደብ ወደ ሦስተኛው የሚዛወረው ችግኝ እጅግ ጥቂት ሆኗል።

ቅዳሜ ግማሹን መንገድ በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግራችን ጭቃውን እያቦካን ቡሌ ወጣን። አቶ ሙሉካ እንግዳ አለ ብለው በአገራቸው ቋንቋ ፈንታ በአማርኛ አወሩን። አማርኛቸው ወንዱንም ሴቱንም “አንተ” ነው የሚለው።

“አባባ፣ እንሰቱ እየቀነሰ ነው” አለቻቸው።

“ማነው የቆጠረ?”

“ማንም አልቆጠረም። እርስዎ የነገሩኝን ነው የሠራሁት።”

ልጃቸውን ሳያዩ፣ “ማዛወር ጉልበት ይፈልጋል። ወንድሞችህ ኢዲዶ ወርደው የቡና ሥራ ላይ ናቸው። አንተ ትምህርት ላይ ነህ። ብትቆጥር ታውቃለህ፣ ብታውቅ ትምህርት ትተህ ትመጣለህ። ለዚህ ነው እንቢ ያልኩ” አሏት።

ሸዋነሽ አለቀሰች። እኔ ደግሞ እኚህን ሰው ነው ግትር ስል የከረምኩት።

“እመጣለሁ፤ ይቅርብኝ ዲግሪው” አለች።

“ትምህርት ትተህ ከመጣህ እዚህ ቤት አትገባም” አሏት። ቀልድ አልነበረም።

ወረቀቷን ከገና በፊት ላከች። ለእያንዳንዱ ቁጥር ምክንያት መጻፍ ነበረባትና፣ ከዚያ ከትንሹ ቁጥር አጠገብ “ችግኙን የምታዛውረው ልጅ ትምህርት ቤት ስለገባች” ብላ ጻፈች። ወረቀቱ ከጥምቀት በኋላ ተመለሰ። አልፋለች፤ ያውም በጥሩ ነጥብ። መምህሩ ያቺን ዓረፍተ ነገር ብቻ በቀይ አስምሮባት፣ “ይህ ቁጥር ትንሽ ከፍ ቢል እንሰቱ ይተርፋል። ልጅቷ መመለስ አትችልም?” ብሎ ጠይቋል።

አንብባው ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተያይዘን ቡሌ ወጣን። ማለፏን ለአባቷ ነገረቻቸውና ጫማዋን አውልቃ ከግድግዳው ጥግ መቆፈሪያውን አነሳች።

“ቅዳሜ ትምህርት የለም፣ አባባ” አለች።

አቶ ሙሉካ ቀድመዋት ወደ ሁለተኛው መደብ ሄዱ።