በእህቴ ላፕቶፕ ላይ የጫንኩት ሊኑክስ

የእህቴ ላፕቶፕ ከወገዳ በሚኒባስ መጣ፣ በራሷ ነጠላ ተጠቅልሎ። እዚያ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ ታማ ሳንደርስላት ሞተች። ሽቦውን ሰክቼ ስከፍተው ፎቶዋ ብቅ አለ፣ ከሥሩም የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ቃሉን ይዛው ሄዳለች። እየሳቀች ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ፤ ፈራኋትና ከደንኩት።

አባቴ የደብር መሪጌታ ናቸው። "ልብሷ ታጥቦ ለነዳያን ተሰጠ፤ ይኸም ለአርባዋ ታጥቦ ለሰንበት ተማሪዎቹ ይሰጥ" አሉ። ማጠብ ያሉት ውስጡ ያለውን ማጥፋት ነው።

ዊንዶውሱ ተቆልፏል፣ ማሽኑም አርጅቷል፤ ባትሪው ሞቶ በመብራት ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነፃ ሥርዓት፣ ሊኑክስን፣ ልጭንበት ወሰንኩ። ሊኑክስ ግን አንድ አይደለም፤ ሁሉም የየራሱን ያሞግሳል። ንፋስ መውጫ ከምሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አንዱ ባልደረባዬ "አዋቂ የሚጠቀመው ይኸን ነው" ብሎ በፍላሽ ሰጠኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ ሞከርኩት፤ ጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዝ ጻፊ ይለኛል። ለጀማሪ ይኸን መስጠት ቅጣት ነው። ኡቡንቱ የሚባለው ዓይነት አማረኝ፣ ማሽኑ ግን ዳገት እንደወጣ ሰው አለከለከ። ሚንት የሚባለው ቀለል አለ፤ ዊንዶውስ የለመደ እጅ አይደናገርበትም፣ አማርኛም ያስጽፋል።

ደግሞም ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ያስሞክራል። ይኸ ተስማማኝ፤ "ገና እየሞከርኩት ነው" እያልኩ ሳልጭነው ሰነበትኩ። ባጠፋሁት ቁጥር የሠራሁትን ሁሉ ይረሳል፤ እህቴ ግን ሥሩ ተቀምጣለች። አንዳንዴ የላፕቶፑ ማራገቢያ ሳልነካው ሲነሳ ክፍሉን ለቅቄ እወጣ ነበር።

በአርባዋ ዋዜማ አባቴ አጠገቤ ተቀመጡ። መጫኛው ምርጫ አቀረበ።

"ምን ይላል?"

"ያለውን አጥፍቼ ልጫን ወይስ ጎን ለጎን፣ ይላል።"

"ከጠፋ ይመለሳል?"

"አይመለስም፣ አባባ።"

ታጥቦ ይሰጥ ያሉት ሰው መቋሚያቸውን ደባበሱ። "ጎን ለጎን ይሁን" አሉ። አርባዋ ወጣ፤ ስለመስጠቱ እሳቸውም አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም።

አሁን ሲከፈት ሁለት መስመር ይመጣል፤ ከላይ ሚንት፣ ከታች የእሷ ዊንዶውስ። ካልነኩት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በራሱ ወደ ላይኛው ይገባል። አባቴ ለማስተማሪያ የሚሆናቸውን ሊጽፉ ይከፍቱታል። እስኪገባ ድረስ ታችኛዋን መስመር ያያሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጸሎት ይሁን ስሟ አላውቅም። መጠየቁንም አልወደድኩትም።

ሰሞኑን ከሥራ ስመለስ ሁለቱ መስመሮች ቆመው አገኘኋቸው። አባቴ ምርጫውን ወደ ታችኛዋ አውርደዋል፤ አልገቡባትም። ቁልፍ ከተነካ ደግሞ ቆጠራው ይቆማል።

"ቆሞ ቀረ" አሉኝ። "አበላሸሁት?"

"አላበላሹትም። እስክንመርጥ ይጠብቃል።"

"ካልነካነው አይሄድም?"

"አይሄድም።"

"እንግዲያው አትንኪው።"

ሳልነካው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ እንደሚጠፋ ላስታውሳቸው አልደፈርኩም።