ሁሉንም የሚያገኘው ዲቴክተር

ዛሬ ጠዋት የደረስኩት ልጄ ጓሯችን ውስጥ ቦምብ ላይ ዶማ ስታነሳ ነው።

አባቴ በደርግ ጊዜ ፍተሻ ሲበዛ ማርትሬዛ ብሮቹን በጣሳ አድርጎ ጓሮ ቀበረ፤ ቦታውን ሳይነግረን ሞተ። በኋላ እዚያው ወታደር ሰፈረበት።

ስለዚህ ትናንት ሸዋ ሮቢት፣ የተቀበረ ብረት ሲያገኝ የሚጮኸውን ዲቴክተር ልገዛ ስሄድ፣ የምፈልገውን ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የሄድኩት፦ አንደኛ፣ ብርን ከብረት የሚለይ። ሁለተኛ፣ ጥልቀቱን የሚናገር። ሦስተኛ፣ ልጅ የማይነካው። (ሦስተኛውን የሚሸጥ የለም።)

ሻጩ ወረቀቴን ዞር ብሎም አላየው። «ጋሼ፣ መለየቱ ምን ያደርግልዎታል? ይሄ ሁሉንም ያገኛል» አለኝ። እኔም ሞኙ ገዛሁ። ዛሬ ጠዋት ልጄ ቀድማኝ አነሳችው፤ የጮኸበትን ቦታ መቆፈር ጀመረች።

ፖሊስ ቦምቡን ከወሰደ በኋላ ለሻጩ ደውዬ ነገርኩት።

«ታዲያ አገኘልዎት አይደል?» አለኝ።

እናንተስ ቤተሰብ የቀበረውን ስትፈልጉ ምን ወጣባችሁ? ጻፉልኝ። እኔ ዶማውን ደብቄዋለሁ፤ የት እንደሆነ ግን ለሚስቴ ነግሬያታለሁ።