ከላይ የተቀመጠው ትሪ

የክፍሉ በር ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የፈለግኩት ቧንቧውን ነው። ውሃ አለ፣ አልኩ በልቤ። ቀጥሎ፣ ምግብስ? አልኩ። ስኳር ያለበት ሰው ሲታሰር ከፍርድ በፊት የሚያስበው ይኸንኑ ነው።

እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቮስሎሩስ ውስጥ የወገኖቻችን ሱቆች በተቃጠሉ ሰሞን ጀርሚስተን ላይ ሻማ ይዘን ዝም ብለን ቆመን ነበር። ዝም ማለት አልተከለከለም፤ መሰብሰብ ግን በኮሮናው ምክንያት ተከልክሏል። ወንዶቹን በአንድ መኪና፣ እኛን ሦስት ሴቶች በሌላ ጫኑን። አንዷ ብርድ ልብስ ነጋዴ ናት፤ የከምባታ ሰው፣ ድምፀ ጎርናና፣ ጴንጤ። ሌላዋ እዚሁ ጆሃንስበርግ ያደገች ተማሪ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። የማታውን መርፌ ቤቴ ወስጄ፣ በልቼ ስለወጣሁ ሌሊቱ በደህና አለፈ። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነበር። እዚህ አገር ደግሞ ነሐሴ ሲሚንቶው አጥንት ድረስ የሚቀዘቅዝበት ወር ነው።

ጠዋት ጠባቂዋ ቦርሳዬን ይዛ መጣች። ጭንብሏን አገጯ ላይ አውርዳ የኢንሱሊን ብልቃጤን ወደ መብራቱ አነሳችው።

«ማማ፣ ይኼ ተበላሽቷል። ደፍርሷል» አለችና ልትንጠው እጇን አነሳች።

«እንዳትንጪው!» አልኩ። ጮኼ ኖሮ ራሴው ደነገጥኩ። ተማሪዋ ልጅ ቶሎ ብላ በእንግሊዝኛ አስረዳችልኝ። ጠባቂዋም ብልቃጡንና አንድ መርፌ ሰጥታኝ ቦርሳውን አስቀረች።

ይኸኛው ኢንሱሊን መደፍረስ ተፈጥሮው ነው። ሲቀመጥ ነጩ ከታች ይዘቅጣል፤ በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ አድርገው ሲያንከባልሉት እንደ ወተት እኩል ይሆናል። ሳይቀላቀል ከተወጉት አንድ ቀን ይበዛል፣ አንድ ቀን ያንሳል። ቶሎ ሠርቶ የሚጠፋውም ዓይነት አይደለም። ጠዋት የተወጉት ቀስ ብሎ ይነሣል፣ እኩለ ቀን ገደማ ይበረታል፤ ያን ጊዜ እህል ካላገኘ ባለቤቱን ይበላል። የነፍስ አባቴም ይህን ስላወቁ «መርፌ የወሰድሽ ቀን ትበያለሽ፤ ቃሌ ነው» ብለውኛል። እኔም በበኩሌ ሕግ አለኝ፤ ምግቡን በዓይኔ ሳላይ አልወጋም።

«ምግቡስ?» አልኳት።

«ናው ናው።»

እዚህ አገር ናው ናው ማለት አሁንም ሊሆን ይችላል፣ ከሰዓትም። ጠበቅኩ። ጋሪው በኮሪደሩ እየተንኳኳ መጥቶ ትሪዎቹን በፍርግርጉ ሳይ ወደ ግድግዳው ዞሬ ብልቃጡን አንከባልዬ፣ አማትቤ ተወጋሁ።

ሕጌ ጎዶሎ መሆኑን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ማየትና መብላት አንድ አይደሉም።

ትሪዎቹ ሲገቡ ነጋዴዋ ጠበቃ የምንጠራበት ስልክ ጠየቀች። «መጀመሪያ ብሉ» አለች ጠባቂዋ። ወዲያው ከወንዶቹ ክፍል በኩል የሆነ ነገር ከግድግዳ ጋር ተጋጨ። አንድ ሰው ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ።

ነጋዴዋ ትሪውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። «ስልክ ካልሰጡን እህል አንቀምስም። እናንተስ ፍልሰታን ለምዳችኋል፤ የምቸገረው እኔ ጴንጤዋ ነኝ!»

ሳቅን። እኔም እሺ አልኩ። ስልኩ ቶሎ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። የገባ መድኃኒት ደግሞ አይወጣም፤ አድማም አያውቅም።

ጠባቂዋ ትሪዎቹን አልወሰደችም። «እዚሁ ይቆይላችሁ። ማን ቀድማ እንደምትራብ እናያለን» ብላ በሩን ዘጋች።

ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ከግድግዳው ወደ ወለሉ ሲወርድ እከታተለው ነበር። ብናገር አድማው በእኔ ምክንያት ይፈርሳል ብዬ ዝም አልኩ። ውዳሴ ማርያም በቃሌ ጀመርኩ። ከልጅነቴ የማውቀው ቃል መሃል ላይ ጠፋኝ። ደግሜ ጀመርኩ፤ እዚያው ስደርስ ደግሞ ጠፋኝ። ከንፈሬ ደነዘዘ። በዚያ ብርድ ጀርባዬ በላብ ራሰ።

«እትዬ? እትዬ፣ ዩ ኦኬ?» አለች ልጅቷ። «ኧረ እጇን እዪው!»

ነጋዴዋ ፊቴ ላይ ተደፋች። «ምን ሆነሽ ነው?»

«መርፌው...»

«መቼ ተወጋሽ?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት! አንቺ ሴትዮ፣ ዓይናችን እያየ ልትሞቺብን ነው?»

«አድማው...»

«አድማውን ለእኔ ተይው። አፍሽን ክፈቺ።»

የቀዘቀዘውን ሻይ ቀድማ አጠጣችኝ፤ ስኳሩ ከታች ረግቶ ነበርና በጣቷ አማሰለችው። እጄ መለስ ሲል ዳቦውን ቆረሰች። ቅቤ ተቀብቷል።

«የጾም አይደለም» አልኩ፣ እንዲያ ሆኜም።

«ቄስሽ ምን አሉሽ?»

«ብዪ።»

«ታዲያ ከቄስሽ ልትበልጪ ነው?»

በላሁ። ልጅቷ ላቤን በሻርፗ ትጠርግልኝ ነበር።

ጠባቂዋ ስትመለስ ባዶውን ትሪ ከሁለቱ ሙሉ ትሪዎች ሥር ደብቄው ነበር። ነጋዴዋ ሳበችና ከላይ አስቀመጠችው። «ከላይ ይሁን፤ ይዩት።»

«አሃ! አንዷ ተሸነፈች» አለች ጠባቂዋ።

ነጋዴዋ የልጅቷን ትርጉም አልጠበቀችም። በገበያ እንግሊዝኛዋ፣ ቃል በቃል እያስቀመጠች መለሰች። «ይኼ መድኃኒት ነው። ምግቡ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አልተነኩም። ስልኩን አምጪ።»

ጠባቂዋ ትሪውን አየች፣ እኔን አየች። ጭንብሏን ወደ አፍንጫዋ ስባ ሦስቱንም ይዛ ወጣች።

ስልኩ ያን ቀን አልመጣም። የማታው መርፌዬ ግን ከትሪው ጋር አብሮ መጣ። ሁለቱ ሳይበሉ፣ እኔ ከመካከላቸው ተቀምጬ በላሁ። ስልኩ የተፈቀደው በማግስቱ ነው። ወንዶቹን ፍርድ ቤት አገኘናቸው፤ አንዱ ያነክስ ነበር። በምን እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ተፈትቼ ዛሬም እዚሁ ጆሃንስበርግ ነኝ። ዳቦው አጠገቤ ካልተቀመጠ፣ እንደምበላውም እርግጠኛ ካልሆንኩ ብልቃጡን አላንከባልልም። ድሮ በጾም ቀን ቅዳሴው ሳያልቅ ወጥቼ፣ መኪና ውስጥ በነጠላዬ ተከናንቤ ነበር የምበላው። ባለፈው ፍልሰታ ግን የቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን ቆረስኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት ቆማ አየችኝ።

«እህቴ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ?»

«መድኃኒቴ ነው» አልኳት፤ ቁራሹንም ከነጠላዬ በላይ፣ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።