ኦቦ ቱሉ የጻፉት ዝናብ

የተወለድኩት አውሮፕላን ሆዱን እያሳየ በሚያልፍበት መንደር ነው። ዛሬ የቦሌ ለሚ ፋብሪካዎች የቆሙበት ቦታ ያኔ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። ያን ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ከተማ የሚወጣ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ጭቃውን ይሻገርና ገርጂ ሲደርስ እግሩን ታጥቦ ይጫማል። የእኛ ቤት የመንደሩ መጨረሻ ነበረች። ከሷ ወዲያ ወንዝ፣ ከወንዙ ወዲያ ባሕር ዛፍ። ከእኔ በፊት የተወለዱት ሁለቱ በሕፃንነታቸው ስለሞቱ እናቴ እኔን ከዓይኗ አታርቀኝም። ሌሎቹ ልጆች ወንዝ ሲወርዱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቅልልቦሽ እጫወታለሁ፤ ቀኝ እጄ ከግራ እጄ ጋር። ቀኜ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ግራዬ ታሳዝነኝ ነበር።

ከዚያ ብቸኝነት ያወጡኝ ኦቦ ቱሉ ናቸው። ኦቦ ቱሉ የመንደራችን ሰው ሲሆኑ አውሮፕላን ማረፊያው ግቢ ውስጥ ሣር በማጨድ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። እዚያ በሽቦ የታጠረች ቦታ ነበረች፤ ሰዎች በየማለዳው እየመጡ የዘነበውን ለክተው ይጽፋሉ። እሳቸውም ሣሩን እያጨዱ በዓይናቸው ተማሩ። ሥራውን ትተው ሲመለሱ የመንደሩን ልጆች ሰብስበው ዝናብ እንደሚለካ ነገሩን። እኛ ሳቅን። እሳቸው ግን ቤት ለቤት ዞሩ። አፋቸው እኩል የሆነ አምስት የዱቄት ወተት ጣሳ እስኪገኝ መንደሩ ሁሉ ጓዳውን በረበረ፤ አንዱ ጣሳው የሚቀመጥበትን ችካል ጠረበ፣ ሌላው ዝገቱን በአሸዋ ፈገፈገ። አምስተኛዋን ጣሳ ለእኔ አመጡልኝ። እናቴ ልጄ ገና ናት ብትል፣ “የዳሩ ዝናብ ካልታወቀ የመሃሉ ብቻውን ምን ይነግረናል?” አሏት። ዳር መኖራችን ለአንድ ሰው ሲጠቅም ያየሁት ያኔ ነው።

በየማለዳው ከብቶቹ ሳይወጡ በቢላ ምልክት የተደረገባትን እንጨት ጣሳው ውስጥ ነክረን እርጥበቱ የደረሰበትን በጣት እንቆጥራለን፤ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት። ከዚያ ጣሳችንን ይዘን መንደሩ መሃል ካለው ሾላ ሥር እንገናኛለን። እሳቸው በከሰል ጣውላ ላይ ይጽፋሉ። ቁጥር የለየሁት ከዚያ ጣውላ ነው። ሽምብራ ጨለማ ውስጥና ብርሃን ላይ አብቅለን አይተናል፤ የእንቁራሪት እንቁላል በገንቦ ስባሪ አስቀምጠን ጭራ እስኪያወጣ ጠብቀናል። የረጠበ አፈርና የእበት ጭስ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ዛሬም የማስበው ያንን ሾላ ነው። ኦቦ ቱሉ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፤ ያላያችሁትን አትንገሩኝ ይሉናል።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን በግማሽ ጆሮ ነበር የሚሰሙት። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ነው የሰማነው፣ ቱሉ ደግሞ ሰማይ ሊሰፍር ተነሣ እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው የጠየቁት ብዙ አልነበረም፤ የምንማርበት ዳስ እንዲሠራልንና እኛ ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ውሃ ከመቅዳት እንድናርፍ ነው። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ፣ እሁድ መጥተን እናያለን አሉ።

ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ዘነበ። ቆርቆሯችን ሲንኳኳ ሰምቼ በደስታ ነጋልኝ። ስወጣ ጥጃችን ችካሉን ገፍቶት ጣሳዬ በአፉ ተደፍቷል፤ ጠብታ የለውም። እንግዲህ ምን ልበላችሁ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ሽማግሌ ፊት ባዶ ጣሳ ይዛ ትቁም? ከእንስራው በኩባያ ቀዳሁና ጨመርኩ። የሌሊቱ ድምፅ ብዙ መስሎኝ ነበር፤ ለብቻው ተኝቶ ለሚሰማ ሰው ዝናብ ይበዛበታል መሰለኝ። ደግሜ ጨመርኩ።

ሾላው ሥር የአራቱ ልጆች ጣሳ አንድ አንድ ጣት ሆነ። የእኔ ሰባት። ጉታ የሚባለው ጎረቤታችን፣ “አስካለ ቤት ላይ ሰማዩ ተቀዷል፤ ሄደን እንስፋላት” አለና ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ኦቦ ቱሉ አልሳቁም። ቁጢጥ ብለው የቀሚሴን ጫፍ አዩት፤ ከኩባያው በፈሰሰው ርሶ ነበር።

“አስካለ፣ ይሄ የሌሊቱ ዝናብ ነው?”

“አዎ። ዘንቧል።”

ተነሥተው ጣውላው ላይ ሰባት ብለው ጻፉ። አንዱ ሽማግሌ፣ “ቱሉ፣ ይሄንንም ጻፍከው?” አላቸው።

“ልጅቷ አየሁ ብላለች” አሉ።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እያራገፉ ተነሡ። ዳሱ አልተሠራም። ሰኞ ሴቶቹ ሁሉ እንስራ ይዘው ወንዝ ወረዱ፤ ምክንያቷ እኔ መሆኔን ሁሉም ስለሚያውቅ አጠገቤ የሚቀዳ አልነበረም። በኋላ እኔ ራሴ ትምህርት ቤት ገብቼ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ኦቦ ቱሉ ግን አንድም ቀን አላነሡብኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ፈገግ ብለው ዳርቻው እንዴት ነው ይሉኛል። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለእኔ ብለው፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ የራሳቸውን ሕግ አፈረሱ። ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ስንት ዓመት አለፈ፤ ያረፉም ጊዜ ከለቀስተኛው መሃል ሆኜ አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ።

አሁን ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እኔና የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ሲፈን ብቻ ነን። እዚህ በር ከበር ይተያያል፣ ሰው ከሰው አይተያይም። የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ተሰባስበው፣ በበዓል በግ የሚታረድበትን የጋራ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች የሳይንስ መማሪያ አደረጉት። የሚያስተምሩት ከላብራቶሪ ሥራ ጡረታ የወጡ እትዬ ሮማን የሚባሉ ጎረቤታችን ናቸው። ከተማው ጫፍ ላይ የቀሩት የገበሬ ልጆችም በእግራቸው ይመጣሉ። ሲፈን ከፕላስቲክ ጠርሙስ የዝናብ መለኪያ ሠርታ በረንዳው ብረት ላይ አሰረች። ሌላ እናት የምትፈራው ኤሌክትሪኩንና እሳቱን ይሆናል። እኔ የምፈራው ሰው ልጄን ከብቦ ሲስቅባት ማየት ነው።

ባለፈው ወር ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ዘመድ ሞቶብን አብረን አድረን ተመለስን። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ነፋሱ ግን ጠርሙሱን ገንጥሎ ታች ግቢው ላይ ጥሎታል። በማግሥቱ ቅዳሜ ወላጆች በተጠሩበት ልጆቹ የጻፉትን ሊያነቡ ነው። የራሴው አፍ ምን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ከጎረቤት ጠይቂና እንደሰው ጻፊበት፣ ማን ያይሻል አልኳት።

“ማሚ፣ አላየሁትማ” አለችና ደብተሯ ላይ “አልታየም” ብላ ጻፈች።

አይቆጡሽም ወይ ብላት ገረማት። “ለምን? ቲቸር ራሷ ባለፈው ስትታመም እንደዛ ነው የጻፈችው።”

ቅዳሜ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስታነብ ሰማኋት። “አልታየም” የምትለዋንም ቃል አነበበች። ማንም አልሳቀም፤ እትዬ ሮማን ሰሌዳው ላይ ጽፈው ወደሚቀጥለው ልጅ አለፉ። በቃ፣ ይኸው ነበር። እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት የተሸከምኩት ነገር እነሱ ዘንድ አንዲት መስመር ናት።

ወደ ቤት ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጠረኝና ቆምኩ። እዚያው ደረጃው ላይ ስለ ጥጃው፣ ስለ እንስራው፣ ስለ ኦቦ ቱሉ ነገርኳት። ትስቃለች ወይ ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤

“እሺ፣ እውነተኛው ስንት ነበር?”

“አላየሁትም” አልኳት።

ራሷን ነቅንቃ ደረጃውን ወጣች። እኔ የደረጃውን ብረት ይዤ ቀረሁ። ያኔ ይህችን ቃል ብናገራት ኦቦ ቱሉ ጣውላው ላይ ምን ብለው ይጽፉ እንደነበር አሰብኩ። “አልታየም” ብለው ይጽፉ ነበር እንጂ የሚቆጡ ሰው አልነበሩም፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።