ሁለት ቀኝ በሬዎች

በሞራ የታሸ የቀንበር ጠፍር በሸተተኝ ቁጥር አንገቴን እዳብሳለሁ። ትናንትም እንዲሁ ሆነ። ከቀዬው ተፈናቅሎ እኛ ዘንድ የሰፈረ አንድ ጎልማሳ፣ የተሰጠውን አንድ በሬ እየጎተተ መጥቶ «አባባ፣ የምቀናጀው ሰው ይፈልጉልኝ» አለኝ። ምክር ከመስጠቴ በፊት ሳቄ አመለጠኝ። በሱ የሳቅሁ መስሎት ከፋው፤ የሳቅሁት ግን በራሴ ነበር።

እኔም እንደሱው ነበርኩ። በልጅነቴ በሰፈራ ወደ ቆላ ተወስጄ፣ ጢሜ ሳይበቅል ወደ ላስታ የተመለስኩ። አገርህ ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ብርዱን እንጂ አገሩን አላውቀውም። ቆላ የምወዳት ልጅ ቀርታለች፤ «ክረምቱ ሳይገባ እመጣለሁ» ብያታለሁ። ከጋሸና የሚነሳ የጭነት መኪና ጥሩንባው በተሰማኝ ቁጥር ልቤ ተሳፍሮ ይሄዳል፣ እግሬ ጭቃው ውስጥ ይቀራል።

የእርሻ ባለሙያው ለኛ ለተመላሾቹ አንድ አንድ በሬ አደለን። በአንድ በሬ ማን ያርሳል? እኔን ባሏ ከሞተባት ከአንዲት የሁለት ልጆች እናት ጋር አቀናጀኝ። የሷ በሬ ጥቁር፣ የኔ ዳማ። ጠምጄ «ሂድ!» ስል ሁለቱም በቀኝ በኩል ለመግባት ይጋፋሉ። ለካ ሁለቱም በቀኝ መጠመድ የለመዱ ኖረዋል! ቀኑን ሙሉ ስንዞር ዋልን።

ሴትዮዋ ወሰኑ ላይ ቁጭ ብላ «አያ ቆለኛው፣ እርሻ ነው ወይስ ጭፈራ?» ትለኛለች።

«እትዬ፣ አንዱ ግራውን መልመድ አለበት።»

«የኔው ይልመዳ። ያንተ የሚሸጥ በሬ ነው፣ አመሉን አታበላሽበት።»

ክው አልኩ። በሬውን ፍላቂት ገበያ ሸጬ ለመንገዴ ላደርገው ማሰቤን ለማንም አልተነፈስኩም ነበር። ፊቴ ነግሯት ይሆናል፤ እስከ ዛሬ ወሬ የማይቋጥር ፊት ነው ያለኝ።

ጥቁሩ ከብዙ ግትርነት በኋላ ግራውን ለመደ፤ ከኔ ዳማ ጎን ብቻ። ከሌላ በሬ ጋር ሲጠምዱት ይተኛል። እንግዲህ ሦስተኛው ተጠማጅ እኔ ሆንኩ፣ ያውም ቀንድ የሌለኝ።

ደመናው መውረድ ሲጀምር፣ የመጨረሻው እርሻ እየቀረ፣ ዳማዬን ይዤ ወደ ፍላቂት ወጣሁ። ጥቁሩ ገመዱን በጥሶ እያገሳ ተከተለን። ከኋላው ሴትዮዋ፣ ከኋላዋ ልጆቿ፣ እኔ እንደ ሙሽራ ከፊት። ደረሰችና የጥቁሩን ቀንድ ያዘች።

«ሂድ እንጂ፣ ይዤልሃለሁ» አለችኝ።

አልለመነችኝም። ብትለምነኝ እሄድ ነበር። ልጆቿን አየኋቸው፤ መሬቱ ሳይዘራ ክረምቱ ከገባ የሚቀምሱት የለም። ዳማውን መልሼ ጠመድኩት።

ቆላ ለቀረችው ልጅ በአንድ ሾፌር «ገብሱን አጭጄ እመጣለሁ» ብዬ ላክሁላት። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ አፏ ሥራ አገኘ፤ «ቆለኛው፣ ሙሽሪት ዘንድ በደመና ነው በፀሐይ የምትሄደው?» ሳትለኝ የዋለችበት ቀን አልነበረም።

ገብሱ አምሮ ደረሰ። ስናጭድ ሾፌሩ መንገድ ዳር ቆሞ ጠራኝ። «ልጂቱ ተድራለች፤ ብዙ ጠበቅሁት በሉልኝ ብላለች» አለኝ።

ወደ ማሳው ተመልሼ ቆምኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እኔ የተውኩትን ረድፍ ገብታ ታጭደው ጀመር፤ እስኪመሽ ድረስ ቆለኛው አላለችኝም።