ቀኙ ይሰማል?

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ሁዳዴን ከሚጾሙት መካከል ሁለት የእንጨት ሳጥኖችም ነበሩ። ቁመታቸው ያኔ ከእኔ ይበልጣል። ፊታቸው በሻካራ ቡናማ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ጀርባቸው በብሎን ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። ድምፅ ማጉያዎች ናቸው፤ ሰፈሩ «ሞንታርቦ» ይላቸዋል፤ አባዬ ግን «ቀኙ» እና «ግራው» ብሎ ብቻ ነው የሚጠራቸው። የቅበላ ዕለት እማዬ ብርድ ልብስ ታለብሳቸውና ከላይ ዳንቴል ታነጥፍባቸዋለች፤ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ከዚያ እስከ ትንሣኤ ፊልም የለም። «እንጨቱም የእግዜር ፍጥረት ነው፣ ይረፍበት» ትል ነበር።

ሳጥኖቹ የመጡት አባዬ ከሚሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከሠራተኞች ክበብ ነው። አቃቂ ያደገ የእኔ እኩያ እንዲህ ያለውን ክበብ ያስታውሰዋል፤ በአንድ በኩል ከረንቡላ፣ በሌላው ቢንጎ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ሲኒማ። ክበቡ ዕቃውን ሲቀይር አሮጌዎቹን በሐራጅ አወጣ። አባዬ በፈረስ ጋሪ ጭኖ፣ እሱ መሀላቸው ተቀምጦ፣ ግራና ቀኝ እንደ ሚዜ አቅፏቸው ሰፈር ገባ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከበራቸው ላይ ሆነው፣

«ምነው፣ ቁም ሳጥን ገዛህ እንዴ?» አሉት።

«ሲኒማ ቤት ነው የገዛሁት፣ እትዬ።»

እውነትም ሲኒማ ቤት ሆነ። ቴሌቪዥናችን ትንሽዬ ነበረች፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ተዋናዩንና ተዋናይቱን የሚለየው በልብሳቸው ነው። ድምፁ ግን ሌላ ነገር ነበር። በህንድ ፊልም ውስጥ ፈረስ ሲጋልብ መሬቱ እግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል። «ዓይናችን አቃቂ፣ ጆሯችን ፒያሳ» ይሉ ነበር ጎረቤቶቻችን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆች ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆቹ አግዳሚ ላይ እንደረደራለን። አምፕሊፋየሩ ሲግል ከውስጡ የሚወጣው የአቧራና የትኩስ ሙጫ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ሥር አለ። ሽታው ሲመጣ ፊልሙ ሊጀምር ነው ማለት ነበር።

አባዬ ሳጥኖቹን ሲያስቀምጥ ታቦት እንደሚያሳርፍ ሰው ይጠነቀቃል። ከፋብሪካው ባመጣው የድር ክር ከራሱ ወንበር እስከ ቀኙ ይለካል፣ ክሩ ላይ ቋጠሮ ያደርጋል፣ ከዚያ በዚያው ክር እስከ ግራው። «እኩል ካልራቁ ድምፁ ያነክሳል» ይላል። በሁዳዴ መጨረሻ ደግሞ ብርድ ልብሱን ገልጦ፣ ጀርባቸውን ፈትቶ ይጠርጋቸዋል። ውስጣቸው ያለው ጥቁር ወረቀት ነው፣ እንደ ጡሩንባ አፍ የተለጠጠ። በላባ አቧራውን ያራግፍለትና «ድንጋዩን አምጪ» ይለኛል። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ አቀብለዋለሁ። ሽቦዎቹን ድንጋዩ ላይ ነካ ሲያደርጋቸው ወረቀቱ እመር ብሎ «ጧ» ይላል። «አለ» ይላል አባዬ፤ ብሎኖቹን መልሶ ያስራል።

የእኔ ትልቁ ሥራ ግን ጆሮ መሆን ነበር። አባዬ በሽመናው ክፍል መካኒክ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ሁሉ ማሽን ጩኸት መሀል እየተዘዋወረ፣ የትኛው ማሽን ጥርሱ እንደላላ የሚለየው በጆሮው ነው። ጩኸቱ ደግሞ ያንኑ ጆሮ በጥቂት በጥቂቱ ይበላው ነበር። ስለዚህ ድምፁን ሲያስተካክል እኔ ጨርቁ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይጠይቃል። «ቀኙ ይሰማል?» «ይሰማል።» «ጥርት ብሎ?» «ጥርት ብሎ።» እኔ ያልኩት ያልኩት ነው። ጎረቤት ከተከራከረው «የአስካል ጆሮ አይዋሽም» ይላል። አስካል እኔ ነኝ።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በሁዳዴው አጋማሽ፣ አባዬ ጉንፋን ያዘውና ጆሮው ደፈን አለበት። አንድ ቀን ጓዳ ሆኜ ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ። «ቀኙ ታሞብኛል። በዚህ ሁኔታ ማሽን ሥር መግባት ነውር ነው፤ ሳልሰማ ቀርቼ የአንዲት ልጅ እጅ ቢቆረጥስ? የፋሲካ ማግስት በሳጥኑ እለካዋለሁ። ከሰማሁ ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ካልሰማሁ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ፣ ሌላ ቦታ ይስጡኝ።» እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጠበል ጆሮህ ውስጥ ላንጠብጥብልህ አለችው። ክሊኒክ ውኃ እንዳይገባበት ብለውኛል ብሎ እምቢ አላት።

እኔ ታዲያ «ቀኙ ታሞብኛል» ያለው የትኛውን ቀኝ እንደሆነ በደንብ አልለየሁም። ጆሮውን ይሁን ሳጥኑን። ሞተርም ይታመማል፣ ሬዲዮም ይታመማል፤ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። በልጅ ልቤ ደግሞ ሁለቱ ያን ያህል የተለያዩ አልነበሩም። ጆሮው ጠበሉን እምቢ ካለ ሳጥኑ ይጠጣለት ብዬ አሰብኩ። አባዬ ጠራርጎና በድንጋይ ፈትኖ ካሰራቸው በኋላ፣ በሰሙነ ሕማማት አንድ ቀን፣ ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር፣ አንድ ጣሳ ጠበል ቀዳሁ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። «በስመ አብ፣ ወወልድ፣ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ በጨርቁ በኩል ሦስት ጊዜ ከፍዬ አፈሰስኩበት። ከሥሩ ሲንጠባጠብ በነጠላዬ ጠረግሁት። ደስ ብሎኝ ነበር።

የፋሲካ ማግስት አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ድምፁን በየጎኑ ያለው ጆሮ ብቻ እስኪሰማው ዝቅ አድርጎ፣ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ማዞሪያ ወደ ግራ ጥግ አደረገው፤ ግራው ጥሩ ነበር። ወደ ቀኝ ጥግ አዞረው። ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ።

«አስካል፣ ቀኙ ይሰማል?»

ጆሮዬን ጨርቁ ላይ ለጠፍኩ። ውስጡ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል፤ ደረቅ ቅጠል ላይ አይጥ እንደሚሄድ፣ ከዚያ የማይበልጥ። የዚያን ጊዜ ያደረግሁት ገባኝ። አንድ ነገር ግን ይሰማል አይደል? ስለዚህ፣

«ይሰማል» አልኩ።

«ጥርት ብሎ?»

እማዬ በሩ ላይ ሰፌድ ይዛ ቆማለች። ጠበሉን ያባከንኩት፣ ሲኒማ ቤታችንን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን ልትሰማ ነው።

«ጥርት ብሎ።»

አባዬ ዓይኑን ገለጠ። አልተቆጣም፣ አላዘነም፤ ቀስ ብሎ ማዞሪያውን ወደ መሀል መለሰው። አሁን ሳስበው፣ ወንበሩን አዙሮ ቀኝ ጆሮውን ለግራው ሳጥን ቢሰጥ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይገለጥ ነበር። አላዞረም። የእኔ ጆሮ አይዋሽማ።

በሚቀጥለው እሑድ እንግዶቹ መጡ። ማዞሪያው መሀል ላይ ሲሆን ግራው ለሁለት ስለሚጮህ ብዙው ሰው ልብ አላለም። እትዬ ዘነቡ ግን የሚቀመጡት ቀኙ ሥር ነው። ፊልሙ መሀል ላይ ሳጥኑን በክንዳቸው ጎሰም አደረጉና፣

«ይሄኛው ምነው፣ ፋሲካ አልደረሰውም እንዴ? ገና ጾም ላይ ነው!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አባዬ ሳቁን አየ፣ ነገሩን ግን አልሰማም። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ምን አሉ?» አለኝ።

«ፊልሙ ያምራል አሉ።»

እሱም ዘግይቶ ከሰዎቹ ጋር ሳቀ።

በሳምንቱ አባዬ ለአለቃው ነገረ። የመጋዘን በር ጠባቂ አደረጉት። ለጥበቃ የሚሰጠውን ወፍራም ካፖርት ለብሶ የመጣ ዕለት ታናሽ እህቴ ሰናይት «አባዬ ወታደር ሆነ!» ብላ ጨፈረች፤ እሱም ሰላምታ ሰጣት። እኔ ጓዳ ገባሁ። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ሱሪው ላይ ይጣበቅ የነበረው የጥጥ ብናኝ ቀረ። እማዬ በፊት ብናኙን እያራገፈች ታጉረመርም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የምታራግፈው አጣች።

ልነግረው ያልሞከርኩበት ቀን የለም። ውኃ ሳቀርብለት አፌ ድረስ ይመጣል፤ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ ይመለሳል። ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። በልጅነቴ አልሳቁብኝም፤ «ጠበሉ አይደለም ኃጢአቱ፣ ልጄ። ለእኔ የነገርሽኝን ለአባትሽ ንገሪው» አሉኝ፤ ስግደትም ሰጡኝ። ስግደቱን በደንብ ሰገድኩ። ቀላሉን ፈጽሜ ከባዱን አሳደርኩት።

ዓመቱ ዞሮ ሁዳዴ ገባ። ወደ መጨረሻው ላይ አባዬ ሳጥኖቹን ሊጠርግ የቀኙን ጀርባ ፈታ። እኔ ድንጋዩን ይዤ ከጎኑ ቆሜያለሁ። ወረቀቱ እንደ ደረቀ ኩበት ተጨማዷል፤ ዙሪያውን የውኃ ቀለበት አለበት። አባዬ ጣቱን ቀለበቱ ላይ አዞረ። ከዚያ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

«ክረምት ላይ አንጠባጥቦ ኖሯል» አለ።

መሰላል ተዋሰ፣ ቀዳዳ የሚደፈንበትን ካትራሜ አፈላ፤ ጣሪያው ላይ ወጣ። እኔ መሰላሉን ይዣለሁ። ከላይ ቆርቆሮውን በጣቱ እያንኳኳ፣ በየምስማሩ እየተንበረከከ፣ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ሰማሁት። ረጅም ጊዜ ፈለገ። «አላገኘሁትም እንጂ የሆነ ቦታስ አለ» እያለ ዝም ብሎ ያገኘውን ምስማር ሁሉ ካትራሜ ቀባው። የካትራሜው ሽታ ቤቱን ሞላው። «አባዬ ውረድ» ብዬ ጠራሁት፤ አልሰማኝም። ደግሜ አልጠራሁትም።

ወረቀቱን በእንፋሎት አለዝቦ፣ የተቀደደውን በስስ ወረቀትና በሙጫ ለጥፎ፣ ቀናት ፈጅቶበት አዳነው። በፋሲካ ማግስት ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ማዞሪያውን ወደ ቀኝ አዞረ። ፊቱ በአንዴ በራ።

«ይሰማኛል!» አለ። «ኧረ ይሰማኛል! ቀኙ...»

እዚያ ላይ ቆመ። ለካ ጆሮው ያን ጊዜም ደህና ነበር። ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ሳጥኑ ሥር፣ ጆሮዬን ጨርቁ ላይ እንደለጠፍኩ ነበርኩ። «ያኔ ታዲያ ጥርት ብሎ ይሰማል ያልሽው ምኑን ነው?» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። በጠየቀኝ እላለሁ፤ ቢመታኝም በወደድኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ብቻ። ወደ ማሽኖቹ ግን አልተመለሰም፤ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ገብቶበት ነበር። ጡረታ እስኪወጣ በር ላይ ቆመ።

ዛሬ የምኖረው ጅቡቲ ነው፤ ባለቤቴ ወደብ ላይ ይሠራል። ልጆቼ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሦስት የተለያየ ነገር ያያሉ። አንዱ ለሌላው «ይሰማል?» አይለውም። ያኔ ለአንድ ፊልም አንድ ሰፈር ይሰበሰብ ነበር፤ ደግሞም አንድ ሰው የሚሰማውን ለማወቅ የሌላውን ሰው ቃል ያምን ነበር። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። ከእኔ ጆሮ ይልቅ የልጆቼን ማሽን ቢያምን ኖሮ ለአባዬ በተሻለው ነበር።

አሁን አባዬ በእውነት አይሰማም። እርጅናው የፋብሪካውን ጩኸት ሥራ ፈጸመው፤ ግራውም ቀኙም ሄደ። ስደውል ሰናይት ስልኩን ፊቱ ላይ ትይዝለትና በምስል እንተያያለን። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ልቤን አጽንቼ ደወልኩ። ሰናይት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ወደ ጓዳ ገባች። ሁለታችን ቀረን።

«አባዬ» አልኩት፣ «ጣሪያው አልነበረም። ሳጥኑ ላይ ውኃ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ጥርት ብሎ ይሰማል ያልኩህ ዋሽቼ ነው። ጆሮህ ደህና ነበር።»

አፌን ትኩር ብሎ ያይ ነበር። ስጨርስ ፈገግ አለ።

«ሙቀቱ ነው አይደል?» አለኝ። «አይዞሽ፣ ልጄ። ውኃ ጠጪ፤ ብዙ ጠጪ።»

ሰናይት እጇን እያደረቀች መጣች። «ምነው፣ አለቀስሽ እንዴ? እሱ አልሰማሽም እኮ። ምን ልትዪው ነው? ንገሪኝ፣ ልጻፍለት፤ ያነባል።» ከጎኑ የማይጠፋውን ደብተር ገልጣ እስክሪብቶ ያዘች። አባዬም መነጽሩን አጠለቀና ደብተሩ ላይ አጎነበሰ።

«ደህና ነኝ በይው» አልኳት።

«ይህን ብቻ?»

«ይህን ብቻ።»

ጻፈችለት። አባዬ አነበበና አመነኝ።